ሌባውን ወክለው የሚያስቡት ኣቦይ ኣለምሰገድ

በየሰፈሩ፣ እግዜር ሳያጓድል ያስቀመጠው፣ ሌባን ወክሎ የሚያስብ አንድ ሰው አለ። ሌባው ራሱ እኮ ይደክመዋል፤ ያመዋል፤ ሠርግ ይጠራል፤ አንዳንድ ቀን ሥራው ይሰለቸዋል። ይህ ሰው ግን አይሰለቸውም። አዲስ በር ስታስገቡ «ያምራል» አይላችሁም፤ ማጠፊያውን በጣቱ ነካ ያደርግና በሐዘን አንገቱን ይነቀንቃል። መኪና ስትገዙ ስንት ሊትር እንደሚበላ አይጠይቃችሁም፤ የኋላ መስኮቱ ከውጭ በምን እንደሚከፈት ያሳያችኋል። ለልጃችሁ ክርስትና ተጠርቶ ሲመጣ እንኳ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው ማንኪያና ሹካው በየት በኩል ሊወጣ እንደሚችል አጥንቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በእኛ ሰፈር፣ በመቀሌ ሓድነት፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ኣቦይ ኣለምሰገድ ናቸው። የባለቤቴ የለተኪዳን አጎት ናቸው። እኔ በልቤ የምጠራቸው በሙሉ ማዕረጋቸው ነው፤ ክቡር የሌቦች ሁሉ ጠቅላይ ወኪል፣ ሊቀ ጓጉንቸር፣ የፍርግርግ ብረት አባት። ምክራቸው ሁልጊዜ በአንድ ሐረግ ይከፈታል። «እኔ ሌባ ብሆን…» ይላሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ፣ ዓይናቸው ጠበብ ይላል። ሚኒባስ ውስጥ ይህን ሲሉ የሰማች አንዲት ሴት መውረጃዋ ሳትደርስ መውረዷን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መንገድ ሥራ ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። መንገዱ በሄደበት እየሄዱ፣ ከካምፕ ካምፕ እየተዛወሩ፣ አገሪቱን ከዛላምበሳ እስከ ሞያሌ በግምጃ ቤት መስኮት አይተዋታል።

«በእኔ ዘመን አንዲት አካፋ አልጠፋችም» ይላሉ።

«ኣኮይ፣ አንዲት አካፋ ለማንም ሰጥተው አያውቁማ!» ትላቸዋለች ለተኪዳን፤ ኣኮይ አጎቴ ማለት ነው።

«ታዲያ!»

«መንገዱ በምን ተሠራ?»

«እሱ የኢንጂነሮቹ ጉዳይ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ለአካፋዎቹ ነው።»

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ሱቄን ያቀዱልኝ።

ስለ እኔም ትንሽ ልበል፤ ጥፋቱ እኩል ስለሆነ። የደሴ ልጅ ነኝ። መቀሌ የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ ከዚያ ሥራው ያዘኝ፣ ከዚያ ለተኪዳን ያዘችኝ። በዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ፤ ሥራዬ መስማት ነው። በዚህ ሙያ ለዓመታት የተማርኩት ነገር ሁሉ ተጨምቆ ሲወጣ፣ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን እያዩ ራስን ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ ነው። ተማሪዎቼ ይወዱልኛል። በያጅ ፊት ራስን መወዝወዝ ግን ሌላ ትርጉም እንዳለው ማንም አላስተማረኝም።

ቤታችን ከመንገዱ ጋር የሚገናኝ አንድ ክፍል አለው። ከለተኪዳን አባት የቀረ ነው። ለተኪዳን ፋርማሲስት ናት፤ ዓይደር ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ክፍሉን የራሷ መድኃኒት ቤት ልታደርገው ስታልም ኖራለች። እኔ ደግሞ የጨዋታ ሱቅ ልክፈትበት ብዬ ለመንኳት። ቼዝ፣ ዳማ፣ ገበጣ፣ ካርታ፣ ዶሚኖ፣ ተቆራርጠው የሚገጣጠሙ ሥዕሎች። የፈለገ ይገዛል፤ ያልፈለገ ተቀምጦ ይጫወታል። ከተማው ሰው ተቀምጦ የሚስቅበት ቦታ ያስፈልገዋል አልኩ። ይህን ስል ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ለተኪዳን እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች።

«እስከ ፋሲካ» አለችኝ። «እስከ ፋሲካ ሰው ከገባበት ያንተ ነው። ካልገባበት መደርደሪያውን አራግፈህ ለሳል ሽሮፕ ታስረክባለህ።»

ተስማማሁ። በትልቅ ወረቀት ላይ የክፍሉን ንድፍ ሣልኩ። መሀል ላይ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ወንበሮች፣ መስኮቱ ሥር ገበጣ፤ ግድግዳው ላይ ልጅም አዋቂም በእጁ አውርዶ የሚያያቸው ጨዋታዎች። በሩ ወለል ብሎ ክፍት። ንድፉን ለኣቦይ ያሳየኋቸው እንዲያደንቁኝ ነበር።

ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ገልብጠው ነው የያዙት ኣቦይ።»

«አንተ ከባለሱቁ በኩል ነው የምታየው፣ ዝወደይ። እኔ የማየው ከሌባው በኩል ነው።»

ዝወደይ የሚሉኝ ልጄ ለማለት ነው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዘዙት።

«እኔ ሌባ ብሆን እዚህ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ቼዝ እንጫወት እልሃለሁ። አሸንፍሃለሁ። አንተ ስታዝን ዕቃህን ይዤ እወጣለሁ።»

«በመሸነፍ አላዝንም እኔ።»

«ታዝናለህ። ባለፈው በካርታ ስትሸነፍ አይቼሃለሁ፤ ምሳህን አልበላህም።»

እውነት ስለነበር ራሴን ወዘወዝኩ። በማግስቱ መድሃኔ የሚባል በያጅ ማሽኑን በጋሪ አስጭኖ በሬ ላይ ደረሰ።

በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ብረት ያስጨመረበት ጊዜ አልፏል፤ ስለዚህ ኣቦይን ማንም «አበዙት» አይላቸውም። እኔም አላልኩም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ፍርግርግ ብረት ተዘረጋ፤ መሀሉ ላይ እጅ የምታስገባ፣ ትከሻ የማታስገባ መስኮት ወጣለት። ጠረጴዛው ከመሀል ተነሥቶ ግድግዳ ሥር ገባ። ወንበሮቹ ተጫዋቹ ፊቱ እንዲታይ ሁሉም ወደ በሩ ዞረው በብሎን ከወለሉ ጋር ታሰሩ። በዚህም ምክንያት ቼዝ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወደ መንገዱ እያዩ እንዲዋጉ ሆነ። ያማክሩኛል፣ እወዘውዛለሁ። ይበየዳል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኣቦይ በከባድ ፊት ጠበቁኝ። «ዝወደይ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ሓለዋ የሌለው ሱቅ፣ ሱቅ አይደለም። ዛሬውኑ ሓለዋ ፈልግ» አሉኝ።

በትግርኛዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር አማርኛ ስለነበር ጆሮዬ እስከ መጨረሻው በአማርኛ ሰማው። ወቅቱ ጾም ነው፤ ለአዲስ ሱቅ ጣፋጭ ማቅረብ የአካባቢው ወግ ይሆናል አልኩ፤ እንዲያውም ወጉ ደስ አለኝ። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ድረስ ሄጄ ከረሒማ ሱቅ አንድ ቆርቆሮ ሐላዋ፣ ያውም ኦቾሎኒ ያለበትን፣ ገዝቼ መጣሁ።

ኣቦይ ቆርቆሮውን አዩት። እኔን አዩኝ። እንደገና ቆርቆሮውን አዩት።

«ይሄ ነው ሌሊት የሚጠብቅልህ?»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ በትግርኛ ሓለዋ ማለት ጥበቃ ነው። ለተኪዳን ወንበር ላይ መቀመጥ እስኪያቅታት ሳቀች። ኣቦይ ግን አልሳቁም፤ በማንኪያ እየቆረሱ ካጣጣሙ በኋላ «ዘበኛው ጥሩ ነው። ግን እስከ እሑድ አይደርስም» አሉ።

የጥበቃቸው ቁንጮ ገና ነበር። «እኔ ሌባ ብሆን ቼዙን በሙሉ ሳጥኑ ነው የምወስደው» አሉ። «ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ ብትቆልፍበትስ? ነጩን ብቻ ሰርቆ ምን ያደርግበታል? ጸጸት ይገድለዋል።» ሐሳቡ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ጥበብ መሰለኝ። ሁሉንም ፈታን፤ ነጮቹን በአንድ ሳጥን፣ ጥቁሮቹን በሌላ ሳጥን ከተን ቆለፍን። ከዚያም የመጀመሪያውን ቼዝ ለአንድ ሔሩይ ለሚባል የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሸጥኩ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

«መምህር፣ የሸጥክልኝ ሁለቱም ነጭ ነው።»

«ውይ፣ ይቅርታ!»

«ለልጄ ላስተምረው ተቀመጥኩ። 'ኣቦ፣ ሁሉም አንድ ከሆኑ ለምንድነው የሚጣሉት?' አለኝ።»

አንዱን በጥቁር ቀየርኩለት።

ካሜራውንም ልንገራችሁ። ኣቦይ ከአሮጌ የእጅ ባትሪ ቀፎና ከጥቁር ሽቦ የደኅንነት ካሜራ ሠርተው ጣሪያው ጥግ ሰቀሉ። «ምንም አይቀዳም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሌባው ግን ይህን አያውቅም።» በሥራቸው ከመኩራታቸው የተነሣ ግን ለመጣው ሰው ሁሉ በጣታቸው እያሳዩ «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ባትሪ ነው!» ይሉት ጀመር። በሓድነት ካሜራችን እንደማይሠራ የማያውቅ ሌባ ቢኖር፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ምስኪን ነው።

እኔ ቢሮ ስለምውል ከሰዓት በኋላ ሱቁን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ከፍርግርጉ ጀርባ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ቁልፎቹን በቀበቷቸው አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ «ምን ልርዳህ?» አይሉም።

«ስም?»

«ገበየሁ።»

«የአባት ስም? … የት ነው የተወለድከው?»

«ደጀን። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው።»

«ደጀን! በል ቁም። ወደ ዓባይ ቁልቁለቱ ሳይጀመር በግራ በኩል አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሴትየዋ አሁንም ሻይዋን ታቀጥናለች?»

ከዚያ ልጁ ፍርግርጉን በሁለት እጁ ይዞ እንደ እስረኛ ጠያቂ ቆሞ ያወራል። ከአሰላ ነኝ ያለችውን ሠርክአዲስ የምትባል ተማሪም ስለ አንድ ድልድይ ሲመረምሯት ማምሸታቸውን አይቻለሁ። ከየትም ብትመጡ ኣቦይ እዚያ ካምፕ ነበሩ፤ እዚያም አካፋ አልሰጡም። ከቢሮ ስመለስ ይህን እያየሁ በላብ እጠመቃለሁ። ደንበኛ እንደ ወንጀለኛ እየተመረመረ ማን ይገዛል? ልጆቹ ምንም ሳይገዙ ይሄዳሉ። በማግስቱ ደግሞ ተመልሰው መጥተው ፍርግርጉን ይይዛሉ። ለምን እንደሚመለሱ አልጠየቅኩም። ሙያዬ መስማት ነው ብያችሁ አልነበር?

ጾሙ እያለቀ መጣ። አንድ መንገደኛ በሩ ላይ ቆሞ ፍርግርጉን፣ ካሜራውን፣ ወደ በሩ የዞሩትን ወንበሮች አየና «ብድር የምትሰጡት እናንተ ናችሁ?» አለኝ። ይህን ለተኪዳን ሰማች።

«ሱቁ ውስጥ ሰው የለም» አለችኝ በዚያው ማታ።

«ፍርግርጉ ጋ እኮ ሁለት ልጆች ነበሩ።»

«ውጭ ናቸው። እኔ ያልኩህ ከገባበት ነው። ፋሲካ ደርሷል። ወይ አንተ ለኣኮይ ንገራቸው፣ ወይ እኔ ለሽሮፑ እነግረዋለሁ።»

ተዘጋጀሁ። እንደ ባለሙያ አቀድኩት። መጀመሪያ ስሜታቸውን እንደምረዳ እገልጻለሁ፤ ቀጥሎ አብረን ያሳለፍነውን መልካም ነገር አወድሳለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ፍርግርጉ እገባለሁ። ኣቦይ ፊት ስቀመጥ ግን እሳቸው ቀደሙኝ። «እኔ ሌባ ብሆን በጣሪያው ነው የምመጣው። ቆርቆሮው ሥር ሁለተኛ ቆርቆሮ እናድርግ። መድሃኔ ነገ ይመጣል።» ራሴ በልማዱ ወደ ታች ሊወርድ ሲል በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እውነቴን ነው፣ አገጬን ያዝኩት። ያን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ያውም በእሳቸው ቋንቋ።

«ኣይፋልን፣ ኣቦይ።»

አይሆንም ማለት ነው። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ለእኚህ ሰው ይህን ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም።

ቁልፎቹን ከቀበቷቸው አንድ በአንድ አወለቁ፤ የፍርግርጉን፣ የነጮቹን፣ የጥቁሮቹን። ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። «ግምጃ ቤቱን አስረክቤያለሁ» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «መምህር» ብለው ጠሩኝና፣ ቀጥለው «አንተ» በማለት ፈንታ «እርስዎ» አሉኝ። «ደኅና ይዋሉ፣ መምህር።» የእሳቸው «እርስዎ» እንደዚያ ይቆረቁራል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

መድሃኔ ፍርግርጉን ሊነቅል ሲመጣ፣ ሊተክል ሲመጣ ያየሁበት ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር። ብሎኖቹ ተፈቱ። ጠረጴዛው መሀል ገባ። በሩ ወለል አለ። ልክ እንደ ንድፌ! እጄን አጣምሬ ደንበኛ ጠበቅኩ።

ሰዎች መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ወደ ውስጥ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኣቦይ የሉም?»

«የሉም። ግቡ፣ ግቡ! ወንበሩ አሁን ይንቀሳቀሳል።»

«ሌላ ቀን እንመጣለን።»

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል አንድ ከሰዓት ገበየሁና ሠርክአዲስ መጡ። እንዳይሄዱብኝ ብዬ እንደ ሚኒባስ ረዳት ደጅ ድረስ ወጥቼ አስገባኋቸው። ቼዝ ዘረጋሁላቸው። ገበየሁ አንዱን ወታደር አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ይቅርታ መምህር» አለች ሠርክአዲስ፤ «ቼዝ እኮ ዶርምም አለን።»

«ታዲያ በየቀኑ የምትመጡት ለምን ነበር?»

«በሩ ላይ 'ጨዋታ ቤት' ይላላ።»

«አዎ፣ ጨዋታ!» አልኩ ሰሌዳውን እያሳየሁ።

ሁለቱ ተያዩ። «እኛ…» አለች፣ «የኣቦይን ጨዋታ መስሎን ነው።»

ትግርኛ ጠንቃቃ ነው። ለሰሌዳው ጸወታ፣ ለወሬው ዕላል ይላል፤ ሁለቱን አያምታታም። አማርኛችን ግን ሁለቱንም አንድ ቃል ላይ ጭኖ ዝም ብሏል። ያንን ቃል በራሴ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ በራሴ በር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያም ክረምትና በጋ የሰው ጨዋታ ስሰማ የኖርኩ ሰውዬ፣ በሱቄ ውስጥ የነበረውን ብቸኛ ጨዋታ ከነቁልፉ አሰናበትኩት።

ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ግን አውቃቸዋለሁ። «ምን አደረግከኝ? ምንም!» ብለው፣ ሻይ አጠጥተው፣ በ«እርስዎ» ሸኝተው ይመልሱኛል። ኣቦይን ከቤታቸው የሚያስወጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆቹ ዞር ሲሉልኝ ከሰሌዳው ላይ አንዱን ጥቁር ፈረስ አነሣሁና ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። «እዚሁ ጠብቁኝ» ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ኪሴን በእጄ ሸፍኜ ነው የሄድኩት። ለሙያው አልተፈጠርኩም።

ኣቦይ ደጃቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ኣቦይ!» አልኩ ገና ከሩቅ። «ተሰረቅን! ፈረስ ተሰረቀ!»

እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ወዲያው ደበቁት። ተነሡ፣ ኮታቸውን ለበሱ። «የትኛው?» አሉ።

«ጥቁሩ።»

«ብያለሁ! ብያለሁ ዝወደይ! በየት በኩል ወጣ?»

ዝወደይ አሉኝ። እግሬ ቀለለኝ።

እየተጣደፍን ስንመለስ መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጠው ዘቢብ «ምን ጠፋባችሁ?» አለች። «ፈረስ!» አሏት ኣቦይ ሳይቆሙ። «ዋይ! ጥቁሩ?» «ጥቁሩ!» «አሁን በዚህ ጋሪ የሚጎትት ጥቁር ፈረስ አልፏል እኮ!» አለችና ቲማቲሟን ለጎረቤት አደራ ብላ ተከተለችን። ከእሷ ኋላ ሁለት ባለባጃጆች፣ ከእነሱ ኋላ ሥራ ያልነበረው መድሃኔ፣ ከእሱ ኋላ ማንነታቸውን የማላውቃቸው፣ ለፈረሱ ግን ከልብ ያዘኑ ሰዎች ተከተሉ። ሱቄ በር ላይ ስንደርስ ሁሉም ፈረሱ የታሰረበትን ቦታ ለማየት እየተጋፋ ገባ።

ፈረሱ አውራ ጣት የምታክል እንጨት መሆኑ ሲታወቅ ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ሰው ሊወጣ ሲል ኣቦይ በሩን በክንዳቸው ዘጉት።

«ማንም እንዳይወጣ!»

ለባለሱቅ ከዚህ የበለጠ የሚጣፍጥ ቃል የለም።

ምርመራው ተጀመረ። «ስም? የአባት ስም? የት ነው የተወለድሽው?» ዘቢብ ከሓውዜን፣ አንደኛው ባለባጃጅ ከአላማጣ፣ አንዱ ከጅማ ሆኖ ተገኘ። ኣቦይ በሁሉም አገር ካምፕ ነበሩ። ስለ ጅማው ዝናብና ስለ አንድ ጭቃ የዋጠው ግሬደር ሲተርኩ ሰው ወንበር እየሳበ ተቀመጠ። ተራውን የሚጠብቅ ተጠርጣሪ እጁ ሥራ ሲፈታ ገበጣውን ጀመረ። ዘቢብ ገበየሁን በዳማ አሸነፈችውና «ይሄ ልጅ ሌባ አይደለም፤ ቀድሞ ማሰብ አይችልም» ብላ መሰከረችለት።

ለተኪዳን ከሥራ የመጣችው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፈረስ ጠፍቶብን ነው» አሏት ኣቦይ። «ግቢ ጓለይ። አንቺም ተጠርጣሪ ነሽ።»

ገባች። ቦርሳዋን እንደያዘች ጥግ ላይ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ፍተሻ ሆነ። ኣቦይ የእያንዳንዱን ሰው ኪስ በሥነ ሥርዓት፣ ከፈቃድ ጋር ፈተሹ። መጨረሻ ላይ እኔ ቀረሁ። አጠገቤ ደርሰው «ይቅርታ፣ ዝወደይ» አሉና እጃቸውን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው ፈረሱን አገኘው፤ ጆሮውን ሲዳስሱ ተሰማኝ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ፣ ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ፣ ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ወዘወዝኩ።

ባዶ እጃቸውን አወጡ።

«እዚህም የለም» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ሌባው ብልህ ነው። ምርመራው ነገ ይቀጥላል፤ አንድም ሰው እንዳይቀር።»

ለተኪዳን እኔን አየችኝ፤ የኮቴን ኪስ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገችና፣

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለች።